ስለ መስቀል መንገድ አመራረጥ፤ መጠነኛ ጥናት

ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። በዚያ ሰሞን መርካቶ ሱቁን ቆልፎ ጭር እንደሚልም ልጅ አዋቂው ያውቃል። በየት በኩል እንደሚገባ ግን ተገቢው ምሁራዊ ትኩረት አልተሰጠውም። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን አብጠርጥሮ ሲጽፍ፣ ጋቢና ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውን ጉዳይ ዝም ብሎ አልፎታል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ መረጃ የተሰበሰበው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ከሚደረጉ የቤተሰብ ስብሰባዎች ነው። ስብሰባው ቡና ተፈልቶ ይከፈታል። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ «ዘንድሮ በየት እንሂድ?» ውሳኔ ላይ ሳይደረስ ሦስተኛው ቡና ይጠጣል፤ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠራል። በሚቀጥለው እሑድ ያለፈውን ስብሰባ የሚያስታውስ ስለማይገኝ ነገሩ ከሀ ይጀመራል።

እስከ አለምገና ድረስ ጉራጌ ሁሉ አንድ ነው። አየር ጤናን፣ ካራቆሬን፣ ወለቴን አብሮ ያልፋል፤ በአንድ ላይ ይጨናነቃል፤ አንዱን ሲኖትራክ በአንድ ድምፅ ይረግማል። አለምገና ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። የጅማው መንገድ በሰበታ፣ በተፍኪ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ፣ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወልቂጤ ይገባል። ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ደግሞ አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ተሻግሮ፣ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቡታጅራ ያደርሳል። ለጥናቱ እንዲመች የመጀመሪያውን መንገድ የሚደግፈውን ወገን ወሊሶኛ፣ ሁለተኛውን ጢያኛ ብለነዋል።

ወሊሶኛ ዋና መከራከሪያው ቁርስ ነው። ወሊሶ ላይ ወርዶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ትኩስ ነገር ቀምሶ መቀጠል ያለበት ይመስለዋል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አቅርቦ አያውቅም፤ ተጠይቆም አያውቅም።

ጢያኛ የተማረ ነው። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ያነሳል። መልካ ቁንጡሬ ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ከተመዘገበ ወዲህማ ጉልበቱ በእጥፍ ጨምሯል፤ «በአንድ መንገድ ሁለት የዓለም ቅርስ እያለ ቱሉ ቦሎ ምን ልናይ ነው?» ይላል። ሆኖም በመስክ ምልከታ እንደተረጋገጠው፣ ጢያ ሲደረስ መኪናው አይቆምም። ጢያኛው በመስኮት ጣቱን ቀስሮ «ያውና!» ይላል፣ ልጆቹ ዞር ሲሉ ያዩት የሚያልፍ የጭነት መኪና ነው። ቅርሱን ለማየት በቡታጅራ መሄድ የሚቀርብ ሐሳብ እንጂ የሚፈጸም ተግባር አይደለም።

የጢያኛ ጠንካራው ማስረጃ የሚወጣው ስለ መልስ ጉዞ ሲነሳ ነው፤ የማረቆ በርበሬ። በቡታጅራ የተመለሰ ሰው የዓመት በርበሬውን ይዞ ይገባል። ይህ ሲነሳ የስብሰባው ሴቶች በሙሉ ለጊዜው ጢያኛ ይሆናሉ። ወሊሶኛ ቆጮና ቂቤ ብሎ መልስ ለመስጠት ይሞክራል፤ ቆጮና ቂቤ ግን በሁለቱም በኩል ስለሚገኝ ማስረጃው ውድቅ ይደረግበታል።

ሌሎችም ወገኖች አሉ። በፈጣኑ መንገድ ሞጆ ወርዶ፣ በመቂና በባቱ ዞሮ ቡታጅራ የሚገባ አለ። ይህን የሚያደርገው አዲስ መኪና የገዛ ሰው ብቻ ስለሆነ ጥናቱ አይዘገይበትም። «በወልቂጤ ገብተን፣ በጉብሬና በእምድብር አድርገን፣ ሆሳዕና ደርሰን፣ በወራቤ ዞረን በቡታጅራ እንውጣ፤ የሁሉንም ዘመድ ቤት እናዳርሳለን» የሚል ቀለበተኛም በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ቀለበተኛ ዕቅዱን በወረቀት ላይ ስሎ ይመጣል፤ ሥዕሉ ያምራል። ጉዞው ግን የመጀመሪያው ዘመድ ቤት ያልቃል፤ እዚያ በልቶ የሚነሳ ሰው የለምና።

ወደ መነሻው ጉዳይ እንመለስ። ደቡብ ስፔንን ሊያዩ የሚሄዱ ፈረንጆችም ከማላጋ እንነሳ ወይስ ከሴቪያ እያሉ መጨነቃቸው ይታወቃል። የእነሱ ጭንቀት መፍትሔ አለው። የግራናዳው አልሐምብራ ቤተ መንግሥት መግቢያ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት የሚሸጥ፣ ቶሎም የሚያልቅ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ትኬቱን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ኮርዶባውንም ሴቪያውንም በዚያ ቀን ዙሪያ ይደረድሩታል። እኛም ዘንድ የማይነቃነቅ ቀን አለ፤ በሬው የሚወድቅበት ቀን። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎው ምሽት አለ፣ ከእርዱ በኋላ ደመራው አለ፣ መስከረም 17 አለ። ያኛው ትኬት ግን ካለቀ አለቀ ነው፤ በሬው ላይ ያልደረሰ ሰው ብልቱን አጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ይኖራል። ስለዚህ መነሻ ሰዓት ላይ ቀልድ የለም። ስብሰባው በአንድ ድምፅ ይወስናል፤ «ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አየር ጤና እንገናኝ!»

አየር ጤና ይፋዊው መነሻ ነው። እውነተኛው መነሻ መኪናው ያደረበት ሰፈር፣ ለምሳሌ ሰሚት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ቢመስልም ከመላው ጉዞ ረጅሙ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ክፍል ላይ ጠብቁኝ ባይ ይኖራል።

ጠብቁኝ ባይ በማኅበራዊ ሳይንስ ገና ስም ያልወጣለት ፍጡር ነው። በስብሰባው ላይ አልተገኘም፤ መኪናው ውስጥ ቦታ እንዳለው ግን እርግጠኛ ነው። ከዋዜማው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ደውሎ፣ «መንገዳችሁ ላይ ነኝ፣ ጠብቁኝ» ይላል። መንገዳችን ላይ የሚለው ቃል አዲስ አበባን ሁሉ ያጠቃልላል።

ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው የተኛው ጠብቁኝ ባይ ነው። ሌሊት 10 ተኩል ላይ ሲደወልለት ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር እየወጣ፣ «ወጥቻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ» ይላል። የቤቱ ይሁን የግቢው በር አይገልጽም። ይህኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲደረስበት ካልሲውን በእጁ ይዞ ይሮጣል።

ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰው ነው። ጦር ኃይሎች ቁም ሲባል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ይሄዳል። መኪናው ሦስት ቁጥር ሲደርስ፣ «ቆያችሁብኝ ብዬ እኮ በታክሲ ወደ እናንተ መጣሁ» ብሎ ከጦር ኃይሎች ይደውላል። ሾፌሩ ዝም ይላል። ጋቢና የተቀመጡት ጋሼ «ይቅር፣ በአውቶቡስ ይምጣ» ይላሉ። ከኋላ የተቀመጡት እትዬ «ምን ይላሉ ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ እኮ ነው!» ይላሉ። መኪናው ይዞራል።

ሦስተኛው ዕቃ ያለው ነው፤ ጥናቱ የሚያከብረውና የሚፈራው ይህን ነው። በስልክ «ትንሽ ዕቃ አለችኝ» ብሎ ነበር። ካራቆሬ አስፋልቱ ዳር ሲደረስ ዕቃዋ ተራራ ሆና ቆማለች። በገመድ የታሰረ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት ከረጢት ስኳር፣ 20 ሊትር ዘይት፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ለእናት የተገዛ ጋቢ፣ ለአባት የተገዛ ቆዳ ጫማ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሊሸከመው የማይደፍር፣ «እሱን በእጄ እይዘዋለሁ» የሚባልለት የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱ ይሠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ይላል።

ሾፌሩ ወርዶ ጣራውን ያያል፣ ሰውየውን ያያል፣ ጣራውን ደግሞ ያያል። ረዳት የለም፤ ሁሉም አሳቢ ሆኖ ዙሪያውን ይቆማል። «ፍራሹን ከታች አድርገው» ይላል አንዱ። «ዘይቱ ከላይ ከሆነ ይፈሳል» ይላል ሌላው። ፍራሹ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። በመጨረሻ ያሰሩት እትዬ ናቸው፤ መርካቶ ቦንዳ ሲያስሩ ነው ያደጉት። ገመዱ ሲጠብቅ ባለዕቃው ላቡን ጠርጎ፣ ሁሉንም ሰው እኩል እያየ፣ «በወልቂጤ ነው አይደል የምንሄደው?» ይላል። ስብሰባው በቡታጅራ ብሎ ነበር።

ይህን ሰው መቆጣት አይቻልም። ያ ፍራሽ ለሚተኙበት እናት የተገዛው የዓመቱ ሽያጭ ተጠራቅሞ ነው፤ ወንበሮቹም ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ናቸው፤ ከእንግዶቹ አንዱ ደግሞ ሾፌሩ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ደርሰናል። የመንገዱ ምርጫ በቁርስም፣ በቅርስም፣ በበርበሬም አይወሰንም። ባልየው የቸሃ ሰው ነው፤ መንገዱ በወልቂጤ ነው። ሚስቱ የመስቃን ልጅ ናት፤ መንገዷ በቡታጅራ ነው። ሲጋቡ ዓመት በዓመት ለመፈራረቅ ተስማምተዋል። ስምምነቱ በጽሑፍ አልሰፈረም። ስለዚህ በየነሐሴው አከራካሪው ነጥብ «አምና ተራው የማን ነበር?» የሚል ነው። አምና በወልቂጤ ተኬዷል፤ እሷ ግን ካቻምናም በወልቂጤ ነበር ትላለች፣ ካቻምና ለለቅሶ ስለሆነ አይቆጠርም ይላል እሱ። የቤተሰብ ሽማግሌዎች የለቅሶ ጉዞ ከተራ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ መሆናቸውም ክርክሩን አላበረደውም፤ ባልና ሚስቱ የየራሳቸው ዋና ከተማ አግኝተዋል።

ለአረፋ የሚገባው ሙስሊሙ ዘመዳችንም ከዚህ አያመልጥም፤ የእሱ በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ግን ቢያንስ አስፋልቱን ለብቻው ያገኛል። በ2008 ዓ.ም. አረፋ መስከረም 13 ዋለና በአራት ቀን ልዩነት መስቀል ተከተለ። አለምገና መታጠፊያ ላይ ያ ሳምንት የሚታሰብ ነው።

እውነቱን ለመናገር በእነዚህ መንገዶች ላይ ከባድ ምሁራዊ ሥራ ተሠርቷል። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ከአለምገና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ስለተቋቋመው ማኅበር ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያለው ነጋዴና ሊስትሮ፣ ጠበኛው የአንዱ ቤትና የሌላው ቤት ሰው፣ አገሬ መኪና ይግባ ብሎ ከኪሱ አዋጣ። ለሰባት ቤቱ ወገንም የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ነበረ። አባቶቻችን ገንዘብ ያዋጡት መንገድ ስላልነበረ ነው። እኛ የምንጣላው ሁለት ስላለን ነው። እዚህ ላይ የጥናቱ አዘጋጅ ትንሽ አፍሮ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር።

የቀረው ንዑስ ምዕራፍ «የጋቢና ሕግጋት» በሚል ርዕስ በሰባት ክፍል የታሰበ ቢሆንም ተሰርዟል። ጋቢና ላይ የሚቀመጠው በዕድሜ የበለጠው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላ ነው፤ አለቀ። ሾፌሩ በማን አገር በኩል እንደሚታጠፍ ደግሞ አለምገና ሲደርስ በሚደወል ስልክ ይወሰናል። የምትደውለው የሚስትየው እናት ከሆነች ወደ ቡታጅራ ነው፤ የባልየው እናት ከሆነች ቀጥታ ወደ ሰበታ። ሁለቱም የደወሉ ዕለት መኪናው ዳር ይዞ ቆሞ ቡና ይጠጣል።

በመጨረሻ ለባለመኪኖች አንድ ማሳሰቢያ፤ ነዳጅ በዋዜማው ሙሉ፣ ጎማ አስነፉ፣ ገመድ ትርፍ ያዙ። «ትንሽ ዕቃ አለችኝ» የሚላችሁን ሰው ደግሞ እሺ ከማለታችሁ በፊት ዕቃዋን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክ ጠይቁት።