እኔ እያለሁማ ማን ይከፍላል!

ሳሙና ልገዛ ነው የወጣሁት፤ አንድ የልብስ ሳሙና። ይህን ያዙልኝ፣ ወዲያ ወዲህ ስል መርሳቴ አይቀርም።

ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የካፌው ሽሮ አንገፍግፎኝ ነን ካፌ ወጥቻለሁ። ግቢ ላልኖረ ሰው ለመንገር ያህል፣ ነን ካፌ ማለት መንግሥት ለቀለብህ የመደበውን በጥሬ ገንዘብ ተቀብለህ ራስህን የምታስተዳድርበት ዘዴ ነው። ያኔ ምደባው ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር ነበር፤ በወር 450። (ኋላ 22 ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ገባ። በእኔ ጊዜ መቶ ቢሆን ኖሮ የምሠራውን ጉድ እሱ ይወቀው።) በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በጀት አውጥቻለሁ፤ በወር ከፍዬ ለምበላበት ኮንትራት ቤት፣ ለኮፒ፣ ለሳሙና። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት «መጠባበቂያ» የሚል ሁሉ ነበረው።

ብሩን ተቀብዬ ከግቢው በር ስወጣ ከአንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ጋር ግጥም አልን። ሰፈራችን አንድ ነው፣ ሲኒየሬ ነው፣ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሏል። «ና ምሳ እንብላ» አለኝ። ልብ በሉ፣ የጠራኝ እሱ ነው። ጥብስ ታዘዘ፣ ተደገመ፣ ቢራው መጣ፤ የሀገር ቤት ወሬው ደራ።

ሒሳቡ ሲመጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ጥርሴን በስንጥር ብጎረጉር ምን ነበረበት? እኔ ግን ብድግ ብዬ እጁን ቀጨም። «ተው እንጂ! እኔ እያለሁማ!» «ኧረ አይሆንም!» «በሞቴ! እናቴን! እሙዬ፣ ከሱ እንዳትቀበዪ!» አስተናጋጇ ሰሃኗን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ትግሉ መሀል አንድ ነገር ታወቀኝ፤ የልጁ እጅ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ አይታገልም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የእናቴን ስም ጠርቻለሁ። 310 ብር ቆጥሬ ሰሃኗ ላይ አኖርኩ። ለአስተናጋጇም አሥር ብር ጨመርኩ፣ ጌታ ነኛ! ሳይተርፋት አበድራ ሳትቀባ አደረች ማለት ይኼው ነው።

ደግሞ የማን ብር መሰላችሁ? በየዓመቱ «ወጪ መጋራት» የሚሉት ውል ያስፈርሙን ነበር፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ምግብና መኝታህን በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ተመርቀህ ስትቀጠር ትከፍላለህ ይል ነበር። ለብስኩት ሃምሳ ሳንቲም ተጨመረብኝ ብዬ ከባለሱቅ የምጣላው ሰውዬ፣ ውሉን ሳላነብ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» ብዬ ነው ያለፍኩት። እንግዲህ ያን ቀን ሦስት ሰው ጥብስ ያበላሁት ገና ባልተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ነው።

የኮንትራት ቤቷ እመቤት ቅድሚያ ካልተከፈላት እንጀራ አትዘረጋም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም የዶርም ጓደኛዬን ሚል ካርድ ተውሼ ካፌ ተሰለፍኩ። ካርድ የምታየው ቲከር የእናቴ እኩያ ናት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ፎቶውን።

«ልጄ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ፣ አሞኝ ከስቼ ነው።»

«እስቲ ሳቅ።»

ጓደኛዬ ፍንጭት ነው፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ «እንደምን ዋልሽ» እያለ ሲስቅላት ኖሯል። አፌን ግጥም አድርጌ «ሐዘን ላይ ነኝ» አልኳት። «ነፍስ ይማር። ማን ሞቶብህ ነው?» አለች በእውነት አዝና። የሚሞት ዘመድ ሳፈላልግ ከኋላዬ ያለው ፍሬሽ ፕሮፍ አለ፣ ሰልፉ በሙሉ አወካ፤ ምን ይሻለኛል፣ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ጥርሴ ግጥምጥም ያለ ነው። ካርዱን ኪሷ ከተተችው። ጓደኛዬም በእኔ ጦስ ጦሙን ዋለ።

ማታ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ በሃይላንድ ላስቲክ በጥብጠን፣ ስኳሩን በቡሽ ክዳን ሰፍረን ተካፈልን። እስከ ወሩ መጨረሻም የከረምነው በእሱው ነው። ለዚያ ለሰፈርህ ልጅ ደውል እንዳትሉኝ! የጋበዘ ሰው ራበኝ ይላል እንዴ?

ልጆቻችሁን ወደ ግቢ የምትሸኙ እናቶችና አባቶች፣ በሶውን ቋጥሩላቸው፣ ዳቦ ቆሎውንም ጨምሩበት። ብቻ ሒሳብ ሲመጣ ዘሎ መነሣትን ከእናንተ አይተው ነው የሚሄዱት፤ እስቲ አንድ ቀን ፊታቸው «ዛሬ አልያዝኩም» በሉ። ማንም አይሞትም።