አሮጌ የእጅ ትራክተር እንዴት ትገደላለች?

በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በላንቴም ሆነ በጫኖ የሙዝ ማሳ ዳር፣ ከአባት የተረከቧት ወይም ከጨረታ የገዟት አሮጌ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር በመጋዘን ጥግ ተኝታ ከሆነና ለእርሷ ትንሣኤ እንዳይኖራት ቈርጠው ከተነሡ፣ ከሁሉ አስቀድመው መቸኰልን ይልመዱ፤ ዝገትና ዕድሜ ተባብረው በብዙ ዘመን የማይፈጽሙትን ጥፋት ችኰላ በአንዲት ረፋድ ይፈጽመዋልና። ምክሩን በተገላቢጦሽ መስጠቴ ነገሩን ስለናቅሁት አይደለም። በዚያ ሐሩር ቆላ ወገቡን አጉብጦ ሲኮተኩት የሚውለውን ሰው የምታሳርፍ መሣሪያ፣ ልትድን ስትችል በአዳኟ እጅ ስትጠፋ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

እንግዲህ የጥፋት መጀመሪያ ሳይመረምሩ ማስነሣት ነው። ከእነዚህ መኪናዎች መካከል በሰፊው የታወቀችው የቻይናዋ ዶንግፌንግ 12፣ የሲሊንደሩ ስፋት 95 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር 12 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አላት፤ ይህ ሞተር ብዙ ዓመት ተኝቶ የማስነሻው እጀታ አልዞር ቢልዎት፣ በእጀታው ላይ ረዥም ቧንቧ ቀጥለው ሁለት ጎልማሶች ይጫኑበት፣ ካልሆነም ማርሽ አስገብተው በመኪና ያስጎትቷት። በዝገት የተጣበቀው የፒስቶን ቀለበት ያን ጊዜ ይሰበራል፤ ስባሪውም የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፋቀ ስለሚወርድ፣ በጥቂት ዘይት ይድን የነበረው ሕመም አዲስ ሲሊንደርና አዲስ ፒስቶን የሚያስገዛ ይሆናል። ኖዝሉን ፈትቶ በቀዳዳው ናፍጣ የተቀላቀለበት ቀጭን ዘይት ያንቆረቆረ፣ ሌሊቱን ያሳደረ፣ በማግስቱም ከባዱን መዘውር በእጁ ወዲያና ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ ያነቃነቀ፣ አልንቀሳቀስ ሲለውም ዘይት ጨምሮ ደግሞ የጠበቀ ሰው ግን ሞተሯን ያለ ስብራት ያላቅቃል። ሲያስነሡ አውራ ጣትዎን በእጀታው ዙሪያ ጠምጥመው ይያዙ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ ዕለት ጣት እንዲሰበር የሚያደርገው አያያዝ ይኸው ነው። አምስቱ ጣቶች በአንድ ወገን ከዋሉ እጀታው አምልጦ ይሄዳል እንጂ እጅን አይዝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማቀዝቀዣው ነው። የዓባያ ሐይቅ ውሃ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው ደለል ተሸክሞ ይኖራል፤ ስለዚህ የማቀዝቀዣውን ጋን ከእርሱ ወይም ከመስኖው ቦይ ቀድተው ይሙሉት፣ ጭቃውም በሲሊንደሩ ዙሪያ ረግቶ ሙቀቱን ይያዝልዎ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትና ሕዝቧም የሚጠጣው የምንጭ ውሃ በቅርብ ሳለ ይህን ማድረግ ልዩ ትጋት ይጠይቃል። ሞተሩ በጋለ ጊዜም ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ይድፉበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። የአየር ፊልትሮውንም አይክፈቱ፤ በሥሩ ያለው ዘይት ጭቃ ሆኖ ከቈየ፣ የበጋው አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

የሽክርክር ማረሻዋ ቢላዋዎች ላይ ሲደርሱ ግን ሥራው ረቂቅ ስለሆነ ጥቂት መዘግየት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1912 አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ የተባለ አውስትራሊያዊ በጊልጋንድራ በአባቱ እርሻ ላይ ሽክርክር ማረሻ ሲሞክር፣ ቢላዋዎቹ አፈሩን ወደ ጎን እየበተኑ አስቸግረውት ነበር፤ መፍትሔ የሆነውም ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ ቢላዋ ነው። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ቢላዋ የዚያ ዘር ስለሆነ የቀኝና የግራ ዓይነት አለው፤ ስለቱም ወደሚዞርበት አቅጣጫ መመልከት አለበት። እርስዎ ግን ሁሉን በአንድ ከረጢት ቀላቅለው፣ እጅዎ የደረሰበትን እያነሡ ይሰሩ፤ ያን ጊዜ መሬቱን የሚመታው የቢላዋው ጀርባ ይሆናል፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ካምቢዮውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ጥቂት እርምጃ ካረሱ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ጐንበስ ብለው አይመልከቱ፤ ጀርባው በአፈር ተወልውሎ ነጥቶ፣ ስለቱ ግን ዝገቱን እንደ ተሸከመ ካዩ ስሕተቱ ይገለጥብዎታልና። እንዲሁ በሙዝ እግር ሥር ጠልቀው ይረሱ፤ የሙዝ ሥር አብዛኛው ከገጸ ምድር ብዙ ሳይርቅ የተዘረጋ በመሆኑ፣ አረሙን ነቀልሁ ያለ ሰው ምግብ አቅራቢውን ሥር ቈርጦ ያድራል።

በቆላው ጥፋቱ ካልተፈጸመ ወደ ደጋው ይውጡ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ስትሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከዐሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ እንደ በሽታ ቈጥረው የናፍጣ መጠኑን ያስጨምሩ፤ የሚያገኙት ጉልበት ሳይሆን ጥቁር ጢስ ነው። በዶርዜ ቁልቁለት በድንጋይ ካብ በተያዘው ጠባብ እርከን ላይም ይንዷት፤ መኪናዋ ተንሸራትታ ካቡን ታፈርሳለች፣ ነጂውንም ትጎዳለች። በዚያ ቦታ መቈፈሪያውን የሚተካ ነገር የለም፣ ሊተካም አይገባም።

በመጨረሻ ቀለም ይቀቡ፤ ከመፍታት፣ ከማጠብ፣ ከመለካት ሁሉ አስቀድመው ይቀቡ። በሞተሩ ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ ዓይነቱና ቁጥሩ የተቀረጸባትን፣ በቀለሙ ይሸፍኗት፤ አሮጌውን ኩሽኔታና ጎሚኒም ለቍራሌው ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄደው ሻጩ የምን ሞተር ነው ብሎ ሲጠይቅዎ የሚመልሱት አይኖርዎትም።

መኪናዋ እንድትድን የሚሹ አንባቢ ግን፣ ለቍርጥራጭ ብረት ሳይሸጧት በፊት፣ የበልጉም ዝናብ ሳይደርስ፣ ወደ መጋዘኑ ገብተው ያችን ሰሌዳ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ቁጥሩን በደብተር ላይ ይጻፉ፤ ለመካኒክዎም ቀድመው ያንን ያሳዩ።