ትንሽ ቤት ለትልቅ ከተማ

አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት የ2018 (እ.ኤ.አ.) የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ «ትንሽ ቤት» የሚለው ወለሉ ከ37 ካሬ ሜትር የማይበልጠውን ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ከተማን ማጠጋጋት ይቻላል የሚሉ አሉ። አዲስ አበባን አልጠየቁም! እዚህ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ከዚያም ያንሳል፤ በቪላው ጓሮ የተደረደረው ሰርቪስማ አልጋ ከገባ በር አይዘጋም። ስድስት ተከራይ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። አከራይዋም የከተማ ፕላን ሳይማሩ «እንግዳ አያድርም፣ ውሃ አይባክንም» የሚል መመሪያ አውጥተዋል። እዚያ ማዶ ግን ትንሿን ቤት ሰፊ ግቢ መሀል ብቻዋን አቁመው፣ በጎኗ ለመኪና ቦታ ያሰናዱላታል። ሰውየው ጠበበው እንጂ ከተማው መች ተጠጋጋ? ከተማን የሚያጠጋጋው በአንድ መሬት ላይ የሚኖረው ቤተሰብ ብዛት ነው። ለጥበቱማ አማካሪ አያሻም፤ የቤት ኪራይ በቂ መምህር ነው።