«ማነው ይህን ጉድ የሠራው?»

ሴራሚክ ሠሪ ሁሉ በር ላይ ሲደርስ ከ«እንደምን አደራችሁ» በፊት የሚላት ናት። ዋጋ ትጨምር እንደሆነ እንጂ ስም አትጠብቅም፤ እንዲያውም አንዳንዱ እንዲህ የሚሳደበው በገዛ ሥራው ላይ ቆሞ ነው።

አንድ የማውቀው ግን አይሳደብም፣ ይተርባል። ሰሞኑን ቀብድ በልቶ የተሰወረ ሰው የጀመረውን የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ጨርስ ተባለ።

«ልጄ፣ የቀረችው እኮ ትንሽ ናት።»

«ማዘር፣ ትንሽ ብትሆን ጀማሪው ራሱ ይጨርሳት ነበር።»

ተንበረከከና ወለሉን በሳንቲም አንኳኳ። ሴራሚክ ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ ካልያዘው ድምፁ ባዶ ነው።

«ምን ይላል?»

«‹ቤት ውስጥ ሰው የለም› ይላል።»

አንድ ጆግ ውሃ ደፋ። ውሃው የፍሳሹን ቀዳዳ ትቶ ወደ ሳሎን ገሰገሰ።

«እንግዳ አክባሪ ቤት ነው፤ ውሃውም ሳሎን ካልተቀመጥኩ አለ።»

«እሱን ተወውና ክፍተቱን በነጭ ሲሚንቶ ሙላልኝ።»

«ሞልቼ ልሂድ። ከታች ያለችው ጎረቤት ኮርኒሷ ሲያንጠባጥብ የማንን ስልክ ይሰጧታል? የሱ እንደሆነ አይሠራም።»

«ጅብ በቀደደው ውሻ ይገባል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ጅቡ ሲጠፋ ግን የሚደበደበው ውሻው ነው።»

«ሕግ አለ እኮ!»

«አለ እንጂ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት በሥራው ይጠየቃል ይላል። የርስዎ ሰው 10 ቀን አልቆየም፤ ቀሪውን ዘመን እኔ ልጨርስለት?»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ፦ ጥጉን፣ ፍሳሹን፣ የተሰነጠቀችውን ሴራሚክ። ከዚያ በአንዲት ወረቀት ላይ ያገኘውን፣ የሚያፈርሰውንና የማይነካውን ጻፈ። የመሣሪያ ቦርሳው ገና አልተከፈተም፤ ብልሃቱም እሷ ናት። መዶሻ ካነሱ በኋላ የሚነገር «እኔ አይደለሁም» ማን ይሰማዋል?

«ፎቶው ምንድን ነው? ልትከሰኝ ነው?»

«መታወቂያ ነው፤ የሱና የኔ ሥራ መንታ እንዳይመስሉ። እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ሰውየውን ግን አንዴ እንኳ ሳትሰድበው!»

«ማዘር፣ እሱም ሲመጣ የሱን ፊተኛ ሰድቦ ይሆናል። ደግሞ ለምን እንደሄደ የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሴትየዋ ፈረሙ። ዋጋውን ሲሰሙ ግን እስክሪብቶው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ከሱ አስበለጥክ እኮ!»

«የሱ ዋጋ መሥሪያ ብቻ ነው። የኔ ማፍረሻም፣ ስልክ ማንሻም አለበት።»