የጉንዳን እድር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት፣ በባሕር ዛፉ ሥር መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈው የጉንዳን ሰልፍ ከመገናኛው የታክሲ ሰልፍ የሚለየው ከሁሉ በፊት ተራ አስከባሪ የሌለው በመሆኑ ነው። ንግሥት የምትባለው እናት እንኳ ማዕረጓ ገነነ እንጂ ሥራዋ እንቁላል መጣል ስለሆነ ትእዛዝ ስትሰጥ አትገኝም፤ ሰልፉን የሚመራው ምግብ ያገኘች ሠራተኛ ስትመለስ መሬት ላይ እየነካካች የምትተወው ፌሮሞን፣ ማለትም መልእክት የሚያደርስ የሰውነት ሽታ ነው።

ሽታ ዜግነትንም ይወስናል። በባሕር ዳር አካባቢ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተጠናችው ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለች ዝርያ፣ ጎጆዎቿ እርስ በርስ የማይጣሉበት ታላቅ ማኅበር መሥርታ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግታ ተገኝታለች፤ ይህም ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ሰንዳፋ የሚያደርስ አንድ እድር እንደ ማለት ሲሆን፣ የመዋጮው መዝገብ በምን ጋሪ ይጫን እንደነበር ለማሰብ ያስቸግራል።

ስለ እድር ከተነሣ ዘንድ፣ በየካ ሰፈሮች ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የቀረም አባል ተመዝግቦ ይቀጣል። በጉንዳን ዘንድ ግን ሟች በጎጆው መካከል አንድ ሁለት ቀን ተጋድማ ብትውል፣ ባልንጀሮቿ እየተራመዷት ያልፋሉ እንጂ መርዶ የሚነግር የለም። አስከሬኑ ኦሌይክ አሲድ፣ ማለትም በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቅባት አሲድ መሽተት ሲጀምር ብቻ አንዷ በመንጋጋዋ አንሥታ የቆሻሻ ክምር ላይ ትጥላታለች፤ ልቅሶውም ሠልስቱም በዚያው ያበቃል። ሁሉም አባል ለሥራ ይወጣል ማለት ግን አይደለም፤ መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ወደ ጉንዳን ቢልከውም፣ በአሪዞና የተጠኑ የአንዲት ዝርያ ሠራተኞች 40 በመቶ ያህሉ አብዛኛውን ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ተገኝተዋል።

አሜሪካዊው የነፍሳት ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጥናት ያንኑ ኦሌይክ አሲድ ሕያው ጉንዳን ቢቀቡ፣ ጓደኞቿ እግሯን እያወራጨች ተሸክመው ክምሩ ላይ ጣሏት፤ ተነሥታ ወደ ቤቷ ብትመለስም እንደ ገና አወጧት፤ ገላዋን ጠራርጋ ሽታው እስኪለቃት ድረስ፣ አለመሞቷን አይቶ ውሳኔውን የሚሽር የእድር ዳኛ አልተገኘም።