በነጻ የነበረ ኪሳራ

በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ኢኮኖሚው ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። የዶዘሩ ሥራ በአገር ምርት ተቆጠረ፤ በኋላ የመጣው ሲሚንቶም እንደዚሁ። ድሮ እዚያ ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን እትዬ፣ ልጅ ሲጠብቁልን ሳንቲም አይቀበሉም ነበር፤ ለአገር ምርት ቅንጣት ያልጨመሩ ሴት! አሁን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተን ለሕፃናት ማቆያ እንከፍላለን፣ በሁለት ታክሲ ሥራ እንገባለን። ተመስገን፣ አደግን። የዕድሩ ድንኳን ብቻ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ እንደተጠቀለለ ቀርቷል፤ የት ይተከል? መሀል ከተማ አንድ ባለመስታወት ሕንፃ «የሚከራይ» የሚል ጨርቅ አንጠልጥሎ ተከራይ ይጠብቃል። ሕንፃውን የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ በ2005 ለ20/80 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ነው፤ እስካሁን ይቆጥባል።