ሲጄን ማን አወፈረው?

ሞኒተሩን የገዛሁት ለኤክሴል ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴም ይህን ጽሑፍ ስለምታነበው ነው። 34 ኢንች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር። ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ደብተሬና የቡና ስኒዬ መሬት ወረዱ። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለው ሒሳብ በአንድ ገጽ ተዘርግቶ ሲታየኝ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳልሠራበት ዝም ብዬ አየሁት። በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣና ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ጌም ጫነበት።

ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ባለታሪኩ ካርል ጆንሰን፣ ሰው ሁሉ ሲጄ የሚለው፣ እናቱን ሊቀብር ሎስ ሳንቶስ ወደምትባል ከተማ የሚመለስ ወጣት ነው። ያኔ ሥራ ፈት ሳለሁ በሰዓት እየከፈልኩ ተጫውቼዋለሁ። የሚገርመኝ የነበረው መኪናውና ተኩሱ አይደለም፤ ሲጄ እንደ ሰው ሲበላ መወፈሩ፣ ሲሮጥ መክሳቱ ነው።

ልጁ ሲሄድ ማታ ብቻዬን ከፈትኩት። ሲጄ ትከሻው በር አያስገባውም፤ ፊቱ ድፎ ዳቦ አክሏል። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ ውዬ ሽሮዬን በልቼ መቀመጤ ነው፤ ይሄ ደግሞ እንዲህ ተንዘራጦ ይጠብቀኛል! የእህቴ ልጅ ሲያበላው እንደዋለ አልተጠራጠርኩም። የዘንድሮ ልጅ ለጌሙም አይራራም።

ጋንተን የሚባለው ሰፈር ጂም አለ። ወስጄ መሮጫ ማሽኑ ላይ አወጣሁት። እዚያ ማሽን ላይ ሲጄ የሚሮጥ ይምሰል እንጂ ላቡ የተጫዋቹ ነው፤ ቁልፉን ሳያቋርጡ መደብደብ ግድ ይላል። ጌሙ «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ እስኪከለክለኝ አስሮጥኩት። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን። በምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ሲጄ ፍንክች አላለም። የከሳው የእኔ ጣት ነው።

ልብ ብል ኖሮ ምልክቱ ሞልቶ ነበር። የቢስክሌቱ ጎማ የተጋደመ እንቁላል ነው፤ ሲሽከረከርም አይነጥርም፣ እንቁላሉ እንደተጋደመ ይዞራል። ከፊት የሚመጣው ታክሲ አውቶቡስ ያህላል። አንድ ጊዜ ደግሞ መኪና ገጨውና አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተዘረጋ። ቆሞ በርሜል የነበረው ሰውዬ ተኝቶ ሸምበቆ ሆነ። ሲነሳ ተመልሶ በርሜል። እኔም «መቼም ሰው ሲተኛ ቀጠን ይላል» ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣ። ስለ አመጋገብ ልመክረው ስጀምር ሳቁ ወንበር አሳጣው።

«ጋሼ፣ ሲጄ እኮ አልወፈረም። ተለጥጦ ነው!»

ጌሙ የተሠራው በዘመኑ ለነበረው ሳጥን መሳይ ሞኒተር ነው፤ ወርዱ አራት እጅ ቢሆን ቁመቱ ሦስት እጅ። እኛ ቤትም 800 በ600 ላይ ተቀምጦ ነበር። የእኔው ስክሪን 2560 በ1080 ነው። ሞኒተር ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ካልከለከሉት የመጣለትን ምስል ጎትቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለብሰዋል። አላመንኩትም። የባለቤቴን የልብስ ስፌት ሜትር አምጥቼ የቢስክሌቱን ጎማ ለካሁ። ቁመቱ 4 ተኩል፣ ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር። ሲካፈል 1.78 ነው። ልጁ በስልኩ የሁለቱን ስክሪኖች መጠን አካፈለው፤ እሱም 1.78። ሲጄ ላይ ከመቶ 78 እጅ ትከሻ ተጨምሮበት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሥጋ በአንድ ሌሊት የሚያወጣ ምግብ ቤት ሎስ ሳንቶስም የለም።

መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ የግራፊክስ ካርዱን መቆጣጠሪያ ከፈተ። እዚያ ውስጥ ምስሉ እንዴት ይቀመጥ የሚል ቦታ አለ፤ ስክሪኑን ይሙላ፣ መጠኑን ይጠብቅ፣ እንዳለ ይተው። የእኔ «ይሙላ» ላይ ነበር። «መጠኑን ይጠብቅ» አለው፤ ሥራውንም ከሞኒተሩ ነጥቆ ለካርዱ ሰጠ። ካርዱ እምቢ ካለ ሞኒተሩም ከሥሩ ባሉት ቁልፎች የሚከፈት የራሱ ሜኑ አለው። እኔ እነዚያ ቁልፎች ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ወዲያው ሌላ ሐዘን መጣ። ምስሉ መሐል ላይ ተሰበሰበና ግራና ቀኝ 17፣ 17 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ሆኖ ቀረ። «የከፈልኩበት ነው እኮ!» አልኩ።

አዲሶቹ ጌሞች ስክሪኑ ሲሰፋ መስኮቱን ያሰፋሉ እንጂ ሰውየውን አያሰፉም አለኝ፤ በጎን በኩል ተጨማሪ ሰማይና ሕንፃ ይታያል። ለአሮጌዎቹ ጌሞች ግን ሰዎች የሠሩት ማስተካከያ ፋይል ይፈለጋል። አንዳንዱ ጌም ሆዱ ውስጥ የተለመደው ሰፊ ስክሪን ወርድ ለቁመቱ ሲካፈል የሚገኘው 1.7778 የሚል ቁጥር አለ፤ እሱን አውጥቶ በእኔው ስክሪን ቁጥር፣ በ2.3704፣ መተካት ብቻ ይበቃዋል። ይሄም ጣጣ አያጣውም። ፊልም መሰል ትዕይንት ሲመጣ፣ ካሜራው አያየንም ብለው ጥግ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ገጸ ባሕርያት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆመው ይገኛሉ።

ይህን ሲያስረዳኝ አማቴ ትዝ አሉኝ። ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን የገዛን ሰሞን የሠርጋችንን ቪዲዮ ከፈትንላቸው። ካሴቱ የሳጥኑ ዘመን ነው፤ ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ለጥጦ ሞላው። ሙሽሪት ጉንጯ ሞልቶ፣ ክንዷ ሞልቶ ወጣች። አማቴ ቪዲዮውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ። «ወይ ልጄን፤ ሰው ቤት ገብታ አለቀች» አሉ። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ክስ የሴቲንግ ጉዳይ ኖሯል! ሪሞቱን ይዤ አሁኑኑ ልሂድ ብል ባለቤቴ ቆይ አለችኝ። ያን ቪዲዮ እንደዚያው ትወደዋለች።

ወደ ሲጄ ስንመለስ፣ በትክክለኛ ቁመናው ያየሁት ገና ያን ዕለት ነው። አጥንቱ ገጥጧል። ሸሚዙ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ለካ በዚህ ጌም ስቡ ሲያልቅ ሩጫው ጡንቻውን መብላት ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም ስብ ያልነበረውን ልጅ ሦስት ቀን ያለ ምግብ አስሩጬዋለሁ። መንገደኛው ሁሉ በክሳቱ ያላግጥበታል።

እየተጣደፍኩ ክላኪን ቤል የሚባል ምግብ ቤት አስገባሁት። ሁለተኛውን ትሪ ጨርሶ ሦስተኛውን ሳዝለት ባለቤቴ ሜትሯን ፍለጋ ገባች።

«ምንድን ነው የምታበላው?»

«ዶሮ።»

ስክሪኑን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየች።

«በሁዳዴ?»